ባርኔጣው ያልተሳፈረበት ባቡር

ስድስተኛ ክፍልን ሦስት ዓመት ስለተማርኩት ከአስተማሪዎቹ በላይ አውቀዋለሁ። ሰባተኛን አላየሁትም፤ ጥሩ ነው ይላሉ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ፊደል ብገድፍ እንዳትታዘቡኝ ነው እንጂ ስለ ውሸት ይቅርታ ልጠይቅ አይደለም። ውሸት የእጅ ሙያዬ ነው። የናዝሬት ነፋስ አንድ የጋሪ ፈረስ ከነጋሪው አንሥቶ ወንጂ ሸንኮራ ውስጥ ጣለው ብዬ ያስወራሁት እኔ ነኝ። ከሳምንት በኋላ አንድ ሽማግሌ ፈረሱ ሲያልፍ በዓይናቸው እንዳዩት ለእኔው ነገሩኝ፤ ቀለሙን ሳይቀር።

ከዚህ በታች ያለው ግን እውነት ነው። ውሸት ቢሆን ደስ ባለኝ።

አሁን ባቡር በማይመጣበት ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ሻይ እሸጣለሁ። ባለፈው ወር ልጄ ስልኳን ይዛ መጣችና ያ ሁልጊዜ የማወራው የድሮ ፊልም ይሄ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ጭራው በር ላይ የተቆለፈበት ፍየል የመሰለ የአኮርዲዮን ሙዚቃ ተሰማ። ከዚያ ወንዙ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ የሚዞረው የወፍጮ መንኮራኩር፣ ሁሉም ጥቁርና ነጭ። ሌላ ሰው ቢያወራው ብርጭቆው ከእጄ ይወድቅ ነበር። አልወደቀም። በሥርዓት አስቀመጥኩትና እኔ ተቀመጥኩ።

በሰማንያ ሁለት ዓመተ ምሕረት አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ያኔ ናዝሬት ውስጥ ይህን ፊልም የማያውቅ ሰው ካለ ወይ ገና አልተወለደም ወይ ሞቷል። ርዕሱ በባዕድ ፊደል ስለሚጻፍ ማንም አላነበበውም፤ እኛ «ባርኔጣው» አልነው። ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው የሚሉ ነበሩ፤ የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ግን አንድ ሐሙስ መጥተው ካዩ በኋላ «ይሄማ አይደለም» ብለው በጊዜ ሄዱ። ስለዚህ ታሪኩን የምንረዳው በዓይናችን ነበር። ባርኔጣ የሚያደርግ የወፍጮ ቤት ልጅ አለ። የሚያብለጨልጭ ቆብ የደፉ ወታደሮች ይፈልጉታል። እሱ ከወፍጮው በላይ፣ ጣሪያው ሥር ባለ ቆጥ ላይ ተደብቋል። ለምን እንደሚፈልጉት አናውቅም። ባርኔጣውን ሰርቆ ነው የምል እኔ ነኝ፤ የንጉሡን ልጅ ወዶ ነው የሚሉም ነበሩ። ወታደር ሰውን ዝም ብሎ ይፈልጋል ያለ ልጅ ግን አልነበረም። ይህን ሊነግሩን የሚችሉት ታላላቆቻችን ያን ዓመት ከመንገድ ላይ ጠፍተዋል።

ስለ መጥፋታቸው የማውቀው ኳስ ሜዳው ለእኛ ለትንንሾቹ እንደተለቀቀ ነው። አፈሳ የሚባል ነገር እንዳለ እሰማ ነበር። ከሜዳ፣ ከሰርግ ቤት፣ ከጠላ ቤት እየታፈሱ ወደ ጦርነቱ ይላካሉ። ቀበሌው ይህን ያህል ልጅ አምጣ ተብሎ ይታዘዛል። እኔ ግን በረኛ ሆኜ መጫወት ስለቻልኩ ጦርነቱን አልጠላሁትም ነበር።

ቴሌቪዥኑ የቀበሌው ነው። አዳራሹ ፊት ለፊት፣ ረጅም እግር ባለው የጣውላ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጣል። ቁልፉ ገሠሠ የሚባለው አብዮት ጥበቃ አንገት ላይ በገመድ ታስሯል። ገሠሠ ሳጥኑን ሲከፍት ታቦት የሚያወጣ ይመስላል፤ መስተዋቱን በገዛ መሀረቡ ይወለውልና ወደ እኛ ዞሮ ጸጥታ እስኪሆን ያየናል። ልጆች ወለል ላይ፣ ትልልቆቹ አግዳሚ ወንበር ላይ። ሐሙስ ሐሙስ ዜናው ሲያልቅ ባርኔጣው ይጀምራል።

ያኔ አንድ ሕግ ነበረን፦ አክተር አይሞትም። ሌላው ይሞታል፣ ፈረሱም ይሞታል፤ አክተር አይሞትም። ይህን የማያምን ልጅ ፊልም አይነገረውም።

ፊልም መንገር የእኔ ነገር ነበር። ያየ ላላየ መንገር አለበት፤ የፈረሱን ኮቴ በምላስ፣ ሰይፉን በጥርስ መሀል በሚወጣ ትንፋሽ፣ ሙዚቃውን በአፍንጫ። ሌሎቹ ልጆች ያዩትን ብቻ ነው የሚናገሩት። እኔ ባርኔጣው ሦስት እግር ያለው ውሻ እንዳለው እናገራለሁ፤ ውሻው ፊልሙ ውስጥ የለም። ከእኔ የሰማ ልጅ አዳራሽ ገብቶ ሲያይ ውሻውን እየፈለገ ፊልሙ ያመልጠዋል።

ዋናዋ አድማጬ እትዬ አሰለፈች ነበሩ። ጎረቤታችን ናቸው፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ይሰፋሉ፣ ባላቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ ሆነው ነው የሞቱት። ንዋይ የሚባል አንድ ልጅ ነበራቸው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሲጨርስ ላንጋኖ ሆቴል ሥራ አግኝቶ ሄደ ተባለ። እኔም ላንጋኖ ውስጥ የጋሪ ጎማ የሚያህል ዓሣ እንዳወጣ ለትምህርት ቤት ልጆች ነግሬያለሁ። እትዬ አሰለፈች ይህን ሲሰሙ ግንባሬን ሳሙኝ። «አዎ፣ እንደሱ እያልሽ አውሪ» አሉኝ። ውሸቴን ያጸደቀልኝ የመጀመሪያው ትልቅ ሰው እሳቸው ናቸው።

ዓርብ ዓርብ ከሰዓት እሄዳለሁ። ከዱካው ላይ ያስቀምጡኛል፤ ፊቴን ወደ እሳቸው ሳይሆን ግድግዳውን ታክኮ ወደቆመው ትልቅ ቁም ሳጥን አዙረው። እሳቸው የልብስ ስፌት መኪናቸው ላይ ይቀመጣሉ።

«ጮክ በይ ቀምርዬ፣ ጆሮዬ ደክሟል» ይሉኛል።

ጆሯቸው የደከመ ሴትዮ ግን በር ላይ ኮቴ ሲሰማ ከእኔ ቀድመው ይሰማሉ። ያኔ መኪናቸውን ይረግጣሉ። አንድ ቀን ጎንበስ ብዬ ሳይ መርፌው ሥር ጨርቅ የለም። ባዶውን ነው የሚረግጡት። ምስኪን፣ ዓይናቸውም እየደከመ ነው አልኩ።

ሁለት ብስኩት በሳህን ያቀርባሉ። አንዱ የእኔ ነው፤ ሁለተኛውን ቁም ሳጥኑ አጠገብ ያስቀምጡታል፣ ዓርብ በመጣ ቁጥር። ፊልሙን እየነገርኩ ዓይኔ እዚያ ነው። ጥያቄያቸውም ለየት ይላል። ሌላው ሰው ማን ማንን መታ ብሎ ይጠይቃል። እሳቸው ባርኔጣው ምን ይበላል፣ የት ይታጠባል፣ ሲያስለው ምን ያደርጋል፣ ጀርባውን አያመውም ወይ፣ ፀሐይ ያያል ወይ ብለው ይጠይቃሉ። እኔም ሁሉንም እመልሳለሁ። ሲያስለው ትራስ ይነክሳል አልኩ። ጀርባውን እንዳያመው በሌሊት እንደ ድመት ይንጠራራል አልኩ። ሦስት እግር ያለው ውሻ ወፍጮው ላይ ወጥቶ የወታደሩ ቆብ ላይ መሽናቱን የነገርኩ ዕለት ከቁም ሳጥኑ በኩል እንደ ማስነጠስም እንደ ሳቅም የሆነ ድምፅ ሰማሁ። እትዬ አሰለፈች መኪናቸውን በኃይል ረገጡ።

«አይጥ ነው» አሉ።

ጉንፋን የያዘው አይጥ እንዳላቸው በማግስቱ ለክፍሉ ሁሉ ነገርኩ። እግዚአብሔርም አላህም አብረው ጠብቀውን ይሆናል፣ ማንም አላመነኝም።

ከዚያ የዶሮዋ ነገር መጣ። የቴሌቪዥኑ ሳጥን ከጀርባው ሚስማሩ የላላ ጣውላ እንዳለው ደርሼበት ነበር። አንድ ሐሙስ ከሰዓት የሰው ዶሮ ይዤ በዚያ አስገባሁና ጣውላውን መለስኩ። ማታ ገሠሠ በሥርዓቱ ቁልፉን ከአንገቱ አውጥቶ፣ መሀረቡን ዘርግቶ ሲከፍት ዶሮዋ እየጮኸች ወጥታ ራሱ ላይ ቆመች። አዳራሹ ፀጥ አለ። ከኋላ አንድ ሰው በዝግታ «ዛሬ ዜናው ቀደም ብሎ ወጣ» አለ። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ሕዝቡ ተንከባለለ። ገሠሠም ላባውን ከፀጉሩ እያራገፈ ለአንድ ወር ከአዳራሹ ከለከለኝ።

አንድ ወር አራት ሐሙስ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ከሌሎች ልጆች እየሰማሁና እየጨመርኩ አለፍኩ። በሦስተኛው ያየውን ልጅ አስቁሜ ምን ሆነ አልኩት። «ምንም አልሆነም» አለ። «ቁጭ ብሎ ነበር።» ደግሜ ጠየቅሁት። ቁጭ ብሎ ዳቦ ለአይጥ ሰጠ፣ ከዚያ ቁጭ አለ፣ ከዚያ ሙዚቃው መጣ አለኝ። የደበቀኝ መሰለኝ። ደግሞስ እንዲህ ያለ ነገር ለሰው ይነገራል? እትዬ አሰለፈች ሳምንቱን ሙሉ ጠብቀው፣ ሰውዬው ቁጭ ብሎ ነበር ልበላቸው?

ያን ዓርብ ቤቱ እንደ ምድጃ ነበር። እትዬ አሰለፈች ራሳቸው ተለውጠዋል። ሳምንቱን በየቤቱ ፍተሻ ነበር፤ ገሠሠ የእሳቸውም ጓዳ በር ላይ ቆሞ ዓይኑን አዙሮ ሄዷል ብላ እናቴ ለአክስቴ ስትነግራት ሰምቻለሁ። «ዛሬ ምን ሆነ?» አሉኝ፣ ገና ሳልቀመጥ።

ባቡር ሰጠሁት።

ባርኔጣው ከቆጡ ወረደ አልኩ። እህቱ ረጅም ቀሚስ አለበሰችው፣ ሰፊ ሻርፕ አከናነበችው፣ ዘንቢል አስያዘችው። ጢሙን ላጭታ ዱቄት ነሰነሰችበት። ባቡር ጣቢያ ሄደ። ቆባሞቹ ወታደሮች በር ላይ ቆመዋል። ግን ነጋዴ ሴት መስሏቸው አለፉት፤ ምክንያቱም ወደ ድሬ የሚወርደውን ማን ይፈትሻል? ፊናንስ ፖሊስ የሚፈትሸው ኮንትሮባንድ ይዞ የሚወጣውን ነው።

ይህን ከየት አመጣሁት? ከቤት ነዋ። እናቴ ፋዲላ በባቡር ድሬዳዋ ወርዳ ጨርቅ ጭና የምትወጣ ነጋዴ ነበረች። ስትወርድ ባዶዋን ናት፤ ዞር ብሎ የሚያያት የለም። ስትመለስ አምስት ቀሚስ ደራርባ ስለሆነ ግመል ታክላለች።

እትዬ አሰለፈች መኪናቸው ላይ ያለው እግራቸው ቆመ።

«ሴት መስሎ?»

«ሴት መስሎ፣ እትዬ።»

«ማንም አላወቀውም?»

«ማንም።»

ከቁም ሳጥኑ በኩል አይጡ ዝም ብሏል። ከዚያ አንገታቸውን ወደ እኔ አቅርበው፣ ጮክ በይ ያሉኝ ሴትዮ በሹክሹክታ ጠየቁኝ።

«ደረሰ?»

ሁለተኛውን ብስኩት አየሁት።

«ደረሰ» አልኩ።

ያን ዕለት ሁለቱንም ሰጡኝ።

ከዚያ በኋላ እትዬ አሰለፈች አንድ ቀሚስ መስፋት ጀመሩ። ሰማያዊ አበባ ያለው፣ እጅግ ረጅም። ለማን ነው ብላቸው ለአንዲት ረጅም ሙሽራ ነው አሉኝ። ከእናቴ ጋርም ሹክሹክታ አበዙ። እኔ ስገባ ስለ በርበሬ ይጀምራሉ። አንድ ጊዜ «ልጁ ከዚህ በላይ አይችልም፣ እግሩ አብጧል» የሚል ሰማሁ። የማን ልጅ እንደሆነ ስጠይቅ እናቴ ቁጣ ቁጣ አላት።

በዚያው ሰሞን የእናቴ ቢጫ ሻርፕ ጠፋ። የዚህ ሻርፕ ጫፍ ላይ የከሰል ካውያ አፍ የመሰለ ቡናማ ጠባሳ አለ። ያቃጠልኩት እኔ ነኝ፤ ለዚያ የበላሁት ዱላ ስላለ በጨለማም አውቀዋለሁ። የት ሄደ ብዬ እናቴን ጠየቅኋት።

«ሌባ ከገመድ ላይ ወሰደው» አለችኝ። «ተይው አንቺ።»

እናቴ በዕድሜዋ የዋሸችው ለፊናንስና ለእኔ ብቻ ነው። ለፊናንስ ስለሚወርሳት፤ ለእኔ ደግሞ የነገሩኝ ሁሉ ከሰዓት በኋላ ከተማው ውስጥ ስለሚገኝ። እኔ ግን አመንኳት። ያን ሌባ ሳልይዝ አልተኛም ብዬ ማልኩ። ተኛሁ እንጂ፤ መሐላው ግን አልተኛም።

ኅዳር ውስጥ ነው፣ ሰማንያ ሦስት፣ ማክሰኞ። እናቴ በማለዳ ድሬ እወርዳለሁ ብላ ሄዳለች። እኔ ትምህርት ቤት ሄጄ ከአጥሩ ሥር ወጥቻለሁ። ከመስጊዱ ማዕዘን የባለጋሪው የገርባ ጋሪ ሲያልፍ ሮጬ ከኋላ ተንጠለጠልኩ። የናዝሬት ልጅ ያልተንጠለጠለበት ጋሪ የለም፤ መንገደኛው «ከኋላ ግረፍ!» ብሎ ይጮሃል፣ ባለጋሪውም ሳይዞር አለንጋውን ወደ ኋላ ይልካል። የገርባ አለንጋ ስቶ አያውቅም። ያን ቀንም አንዱ «ገርባ፣ ከኋላ!» አለው። ገርባ አልገረፈም። አንገቱን ትንሽ አዙሮ አየኝ፣ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ጨሊሲ፣ ያ ኢንታላ» አለኝ በጥርሱ መሀል። ዝም በይ፣ አንቺ ልጅ፣ ማለቱ ነው። «ውረጂና ሂጂ።»

ዛሬ ራርቶልኛል ብዬ ተደሰትኩ። ጋሪው ላይ አንዲት ረጅም ሴት ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀምጣለች። ዓይኔን አነሣሁ። ሻርፑ ቢጫ ነው። ጫፉ ላይ፣ ከአፍንጫዬ ስንዝር በማይሞላ ርቀት፣ የካውያው አፍ አለ።

ዝም አልኩ። ሌባ እንደዚህ አይያዝም፤ ሰው ያለበት ድረስ መከተል ነው። ጣቢያው ጋ ወርጄ ከፓፓያ ሻጮቹ ኋላ ኋላ ሄድኩ። ባቡሩ ቆሟል። ሴትዮዋ ዘንቢል ይዛ አጠር አጠር እያለች ትራመዳለች። በሩ ላይ ገሠሠና ሁለት ጓዶቹ ሸንኮራ ይመጥጣሉ። ገሠሠ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ሸንኮራውን ተፋና ፊቱን መለሰ።

አሁን ሳስበው ውሸቴ እየሠራ ነበር። ሥራዬ ብሎ ያያት አልነበረም። እስከ ፉርጎው አሥር እርምጃ ነው የቀራት፣ ቆጥሬዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ሄጄ በእግሬ ቆጥሬዋለሁ።

በፉርጎው መስኮት እናቴን አየኋት። እሷም አየችኝ። እጇን አንሥታ አፏ ላይ ጫነች። ሻርፗን አይታ ደነገጠች አልኩ። ከብዙ ዓመት በኋላ ልብስ እያጠፍን ሳለ፣ ቀና ሳትል «ዝም በይ እያልኩሽ ነበር» አለችኝ። ያን ቀን ግን ለእናቴ የጮህኩላት መስሎኝ ነው።

«ሌባ!» አልኩ። «የእናቴ ሻርፕ ነው!»

በሕይወቴ ከተናገርኩት ሁሉ አንድም የተጨመረበት ነገር የሌለው ያ ብቻ ነው።

ሌባ ሲባል ጣቢያ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ገሠሠ ደርሶ ሻርፑን ሳበው። ሥሩ ወንድ ነው። ጢሙ የተላጨ፣ ፊቱ ላይ ዱቄት ያለ፣ ከዱቄቱ ሥር ደግሞ እንደ ሻማ የገረጣ። ሰው ተንጫጫ። እሱ ግን ገሠሠን አላየም። ከሰው እግር መሀል እኔን ፈልጎ አገኘኝ።

«ቀመሪያ ነሽ?» አለኝ። ድምፁ ከአለመናገር የዛገ ነበር። «በድምፅሽ አወቅሁሽ።»

ሌባ ስሜን በማወቁ ተናደድኩ። ወዲያው ንዋይ መሆኑን ለየሁት፤ ከላንጋኖ መጥቶ ሰርቆን ሊሄድ ነው አልኩ። ሁለት ሆነው ይዘውት ሲሄዱ የሰማያዊ አበባውን ቀሚስ ረገጠና ወደቀ። ባቡሩ ጮኸና እናቴን ይዟት ሄደ። ገሠሠም ራሴን ዳበሰኝ። ሐሙስ ነይ አለኝ፣ ፊተኛው ወንበር ላይ፣ የዶሮዋን ትቼልሻለሁ።

ሐሙስ ከትልልቆቹ ጋር ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ባርኔጣው እዚያው ቆጡ ላይ ነው። ድሬ ደርሶ መቼ ተመለሰ ብዬ ፊልሙን ታዘብኩት።

በማግስቱ ዓርብ እትዬ አሰለፈች ቤት ሄድኩ። እንደማይፈልጉኝ አላወቅሁም፤ የማላውቀው ብዙ ነበር። በሩ ክፍት ነው፣ መኪናው ዝም ብሏል። ቁም ሳጥኑ ከግድግዳው ተነሥቶ በአንድ ጎን ቆሟል፣ ከጀርባው ትንሽ በር አለ። ውስጡ ፍራሽ፣ ባልዲ፣ የተነከሰ ትራስ። መስኮት የለም። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በከሰል ተሥሏል። ባርኔጣው አለ። ሦስት እግር ያለው ውሻ ወታደሩ ቆብ ላይ ይሸናል። ግድግዳውን ዙሪያውን ረጅም ባቡር ከቦታል፣ በአንዱ መስኮት ሻርፕ የተከናነበ ፊት ወጥቶ ይስቃል።

ያኔ ገባኝ ብዬ መጻፍ እፈልግ ነበር። አልገባኝም። እትዬ አሰለፈች እንዲህ ሥዕል ይችሉ ኖሯል ብዬ ነው ያሰብኩት።

እሳቸው ዱካውን አመጡልኝ። ብስኩቱን አመጡ፣ ሁለት። ፊቴን ወደ ባዶው በር አዙረው አስቀመጡኝ።

«ቀምርዬ፣ ባርኔጣው እንዴት ሆነ?»

ያየሁትን ልናገር ነበር። ዓይናቸውን አየሁና «ድሬ ገብቷል» አልኩ።

«ምን ይበላል?»

«ብርቱካን። ብርቱካን በነጻ ነው እዚያ።»

«ፀሐይስ?»

«ሞልቷል፣ እትዬ።»

እናቴ በሳምንቷ ተመለሰች። አልገረፈችኝም። ለካውያ ጠባሳ የገረፈችኝ ሴት ለዚህ አልገረፈችኝም፤ እኔ ደግሞ የማውቀው ቅጣት ዱላን ብቻ ነበርና ያ ዝምታዋ እስከ ዛሬ አላበቃልኝም። ገርባም ከዚያ በኋላ ገርፎኝ አያውቅም። ስንጠለጠል ፈረሱን ያቆምና እስክወርድ ይጠብቃል።

የገባኝ በግንቦት ነው። መንግሥት ወደቀ፣ ገሠሠ ቁልፉን ጥሎ ጠፋ፣ የተበተነው ወታደር በናዝሬት መንገድ በባዶ እግሩ ጎረፈ። እትዬ አሰለፈች መንገድ ዳር ዳቦና ውኃ ይዘው ቆሙ፤ ጀሪካኑን የምይዘው እኔ ነኝ። እያንዳንዱን ወታደር ያስቆማሉ። ረጅም ነው ይላሉ፣ ንዋይ ይባላል። በአራተኛው ቀን አንድ ዓይኑ የታሰረ ልጅ ምልክት ጠየቃቸው። «ፊቱ የገረጣ ነው» አሉት። «ቁም ሳጥን ኋላ ነበር፣ አሥራ አራት ወር ፀሐይ አልነካውም።» ልጁ ውኃውን ጠጥቶ አላየሁትም አለ። እኔም ጀሪካኑን እንደያዝኩ አሥራ አራት ወር ዓርብ ዓርብ ለማን ስናገር እንደኖርኩ አወቅሁ። እስኪገባኝ፣ ከኅዳር እስከ ግንቦት፣ ስድስት ወር ነው። ስድስተኛ ክፍልን ሦስቴ የተማረ ሰው ይህን ለመቁጠር አይቸገርም።

ንዋይ አልመጣም። ወረቀትም አልመጣም። እኔም ዓርብ ዓርብ መሄዴን አላቆምኩም። ቴሌቪዥኑ ባርኔጣውን ከመንግሥቱ ጋር አቋርጦታል፣ እኔ ግን ቀጠልኩ። ባርኔጣው ድሬ ጋራዥ ገባ። አገባ። ሁለት ሴቶች ልጆች ወለደ። ጥርሱ ወለቀ። ሠላሳ አራት ዓመት። ከዚህ የረዘመ ተከታታይ ፊልም ማንም አልሠራም።

አሁን በልጄ ስልክ ሁሉንም ክፍል በዘጠኝ ቀን ጨረስኩት። ከሥር የሚያልፈውን እንግሊዝኛ ልጄ ታነብልኛለች። ያልገባሁበትን ሐሙስ አገኘሁት። ልጁ አልደበቀኝም ነበር። ባርኔጣው ቁጭ ብሏል። ከሥሩ ወታደሮች ይመላለሳሉ። አንድ ጊዜ ወደ መሰላሉ ይሄድና እግሩን ያወርዳል፣ ከዚያ እግሩን ይመልሳል። ዳቦውን ቆርሶ ለአይጥ ይሰጣል። ቁጭ ይላል። ልጄ እንቅልፍ ወሰዳት። እኔ እስከ መጨረሻው አየሁት፣ ደግሜም አየሁት። በመጨረሻው ክፍል አንድ ማለዳ ወታደሮቹ የሉም፤ ማንም ሳያባርራቸው ሄደዋል። ባርኔጣው ይወርዳል፣ በሩን ይከፍታል፣ ፀሐይ ፊቱ ላይ ታርፋለች። አለቀ። የተፈለገበትን ምክንያት እስከ መጨረሻው አይነግሩንም።

ባለፈው ዓርብ እትዬ አሰለፈች ቤት ሄድኩ። አሁን ጆሯቸው እውነትም ደክሟል፣ ከአልጋ አይነሡም። ቁም ሳጥኑን ቦታው መልሰውታል። ዱካው ላይ ተቀመጥኩ። ልነግራቸው ነበር አመጣጤ፤ ያን ሐሙስ አዳራሽ እንዳልነበርኩ፣ ባቡሩ የእኔ እንደነበር፣ ሁሉንም።

«ዛሬ ምን ሆነ?» አሉኝ።

አፌን ከፈትኩ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ያልጠፋኝ ነገር ጠፋኝ።

«ዛሬ ምንም አላደረገም፣ እትዬ» አልኩ። «ቁጭ ብሎ ነበር።»

«አልወጣም?»

«አልወጣም። እግሩን አወረደና መለሰው።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ያሸለቡ መስሎኝ ልነሣ ስል እጄን ያዙኝ። ዓይናቸው እኔን አያይም፣ ቁም ሳጥኑን ነው።

«ጮክ ብለሽ ንገሪው» አሉኝ። «ይስማ።»

ፊቴን አዞርኩና ጮክ ብዬ ነገርኩት።